የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ በሰንበት ትምህርት ቤት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




የዘንድሮው የዝግጅት ኮሚቴ፣ ከመካከላችን ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በልዩ ልዩ አገልግሎት የተሰማሩ ሰዎች ያዩትንና የተማሩትን እንዲያካፍሉን ባሰበ ጊዜ ተራው ለእኔም ደረሰኝ። እንደምታውቁት ሥራዬ መንገድና ድልድይ ነው። ስለ ድልድይ እንድናገር ተጠይቄ ቢሆን ኖሮ በዚህ መድረክ ላይ የምቆመው በበለጠ ልበ ሙሉነት ነበር። ዳሩ ግን ላለፉት ጥቂት ዓመታት እሑድ እሑድ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ለጐልማሶች ግዕዝ ሳስተምር ቆይቻለሁና የምናገረው ስለዚሁ ነው። ከእናንተም መካከል በየአጥቢያው የሚያስተምሩ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ንግግሬ ለእነርሱ እንደ ባልደረባ ምክር፣ ለሌሎቻችሁም እንደ አንድ የሙከራ ሪፖርት ይቆጠርልኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። ሊቅ አይደለሁም። በልጅነቴ ጥቂት ጊዜ ንባብ ቤት ቆይቻለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁም ማታ ማታ ከአንድ መምህር ዘንድ እየሄድሁ የግዕዝን ሰዋስው ተምሬአለሁ። ያለኝ ዕውቀት ይኸው ነው። ሁለተኛም፣ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርቴ አልተሳካም። ዛሬ የምናገረው ሁሉ የተገኘው ከዚያ ውድቀት ስለሆነ ነገሩን ከዚያው እጀምራለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት

መሐንዲስ ሠንጠረዥ ይወዳል። ስለሆነም ትምህርቱን የጀመርሁት በሠንጠረዥ ነበር። ከ«አነ» እስከ «ውእቶን» ያሉትን 10 መራሕያን በአንድ ወገን፣ ኃላፊ፣ ትንቢት፣ ዘንድና ትእዛዝ የሚባሉትን አናቅጽ በሌላ ወገን በሰሌዳ ላይ ደረደርሁ። አንድ ግስ በዚህ ሠንጠረዥ ሲረባ 40 ሣጥን ይሞላል። እኔም በየሳምንቱ 40ውን ሣጥን እየሞላሁ አስጠናሁ። መስከረም ላይ 34 ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ጥምቀት ሲደርስ 9 ቀሩ።

ከቀሩት ከ9ኙ አንዱ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡ፣ የራሳቸው ጋራዥ ያላቸው መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን ትምህርት ሲያበቃ ወደ እኔ ቀረብ ብለው፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ሠንጠረዡን በሚገባ አጥንቼዋለሁ፤ ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ነገር ግን ዛሬም ቅዳሴ ላይ ቆሜ አንድ ቃል እንኳ ለይቼ አልሰማሁም» አሉኝ። ቅር የተሰኙብኝ አልመሰለኝም፤ እንዲያውም ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደረጉ ይመስሉ ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም።

እኛ ድልድይ ስንነድፍ አስቀድመን የምንጠይቀው ማን እንደሚሻገርበትና ከየት ወደ የት እንደሚያሻግር ነው። እኔ ግን ትምህርቴን ስነድፍ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር። እኒህ ሰው የመጡት የግስ ሊቅ ለመሆን አይደለም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ቆመው የሰሙትን ቅዳሴ ለመረዳት ነው። እኔ ሠንጠረዡን አስተማርሁ፤ ቅዳሴውን ግን እንደማይመለከተኝ ጉዳይ ተውሁት።

የሰዓት ሥሌት

ከዚያ በኋላ ተቀምጬ አንድ ቀላል ሥሌት ሠራሁ። በዓመት ውስጥ 52 እሑዶች አሉ። በዓላት፣ ልዩ ልዩ ጉባኤያትና ዕረፍት ሲቀነሱ ለትምህርት የሚውለው 40 ያህል ቢሆን ነው። በየሳምንቱ 1 ሰዓት ብናስተምር በዓመት 40 ሰዓት ይሆናል። በአብነት ትምህርት ቤት የሚኖር ተማሪ በቀን 8 ሰዓት ብቻ ይማራል ብንል፣ እርሱ ግን ሌሊትም ጭምር የቃል ትምህርት አለበት፣ የእኛን የዓመት ትምህርት በ5 ቀን ይጨርሰዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የአብነት ትምህርት ቤቱን ቅደም ተከተል እንዳለ ገልብጠን በ40 ሰዓት ውስጥ ለመክተት መሞከር ከንቱ ድካም መሆኑን ነው። ያ ሥርዓት ለብዙ ዓመታት ትምህርቱን ኑሮው አድርጎ ለሚቀመጥ ተማሪ የተሠራ ነው። ለዚያ ዓላማ የተሠራውም እጅግ በሚያስደንቅ ጥበብ ነው።

ሥሌቱ ግን ሌላም ነገር አሳየኝ። ተማሪዎቼ በየእሑዱ የሚቆሙበት ቅዳሴ በትንሹ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ በ52ቱም እሑድ አለ። ይህም በዓመት ከ100 ሰዓት በላይ ማለት ነው። ቅዳሴው በአማርኛ በሚደገምበት ስፍራ እንኳ የዲያቆኑ ትእዛዝ፣ ዜማውና ማኅሌቱ አብዛኛውን ጊዜ በግዕዝ ይሰማል። እንግዲህ ተማሪው ግዕዝ የሚሰማበት ከ100 የማያንስ ሰዓት በእጁ አለ፤ ጆሮው ስላልተከፈተ ብቻ ያልፈዋል። የእኔ 1 ሰዓት ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት መሆኑ ቀርቶ፣ ለዚያ ለ2 ሰዓት ቅዳሴ ቁልፍ መሆን ነበረበት። ዛሬ ላሳስባችሁ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው፤ የሚከተለው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

የቋንቋ መምህራን ልምድ

በዚያው ክረምት ስለ ቋንቋ ማስተማር የተጻፉ መጻሕፍትን ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

በአውሮፓ ላቲንና ጽርእ ለረጅም ዘመን ይሰጡ የነበሩት ሰዋስውን በማስጠናትና ጽሑፍን ቃል በቃል በመተርጐም ነበር። የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ዘዴ፣ ሳላውቀው፣ ይኸው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ይህን በመቃወም ቀጥተኛ ዘዴ የሚባለው ተነሣ፤ ማክሲሚሊያን ቤርሊትዝ እ.ኤ.አ. በ1878 በአሜሪካ የከፈተው ትምህርት ቤት ለዚህ ስመ ጥር ነው። በዚህ ዘዴ መምህሩ ትርጉም አይሰጥም፤ ነገሩን እያሳየ በሚያስተምረው ቋንቋ ብቻ ይናገራል። ከዚያም በ1940ዎቹ የአሜሪካ ጦር ወታደሮቹን በጥቂት ወራት የውጭ ቋንቋ ለማናገር ሲጣደፍ ከተገኘው ልምድ፣ አረፍተ ነገርን በድምፅ ደጋግሞ የማለማመድ ዘዴ ዳበረ። በ1960ዎቹ ጄምስ አሸር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና መምህር፣ ተማሪው ገና ሳይናገር መጀመሪያ ትእዛዝ እየሰማ በሰውነቱ እንዲፈጽም የሚያደርግ ዘዴ አቀረበ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ፣ ተማሪው ስለ ቋንቋው ምን ያውቃል ከማለት ይልቅ በቋንቋው ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ጥያቄ ቀዳሚ ሆነ።

«ይህ ሁሉ በገበያና በመንገድ ለሚነገር ቋንቋ ነው፤ ግዕዝን በቤቱ የሚናገር የለም» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ላቲንን በቤቱ የሚናገር በሌለበት ዘመን፣ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የፐርስ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበረው ራውዝ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1928 ድረስ ላቲንና ጽርእን በቀጥተኛ ዘዴ፣ በንግግር እንዲሰጡ አድርጓል። ዴንማርካዊው ሃንስ ኤርበርግም እ.ኤ.አ. በ1955፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በላቲን ብቻ የተጻፈና ተማሪው ያለ መዝገበ ቃላት ቀስ በቀስ የሚረዳውን የመማሪያ መጽሐፍ አሳትሟል። ስለዚህ ቋንቋው የጸሎትና የመጽሐፍ ብቻ መሆኑ በንግግር ከማስተማር አያግድም።

በቤታችን ያለው

ይህን አዲስ ግኝቴን ይዤ ወደ ቀድሞ መምህሬ ሄድሁ። የሰዋስው ትምህርቴ በእርሳቸው እጅ ነበርና እንዲመርቁልኝ አሰብሁ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ የቅኔ ተማሪ የሚማረው ተናግሮ ሲታረም ነው። ዝም ያለውን ተማሪ በምኑ አርመዋለሁ?» አሉኝ።

በእውነትም የአብነት ትምህርት ቤቶቻችንን በዚህ ዓይን ስንመለከት፣ እነዚያ መጻሕፍት በክርክር የደረሱበትን በተግባር ሲሠሩበት እናገኛለን። ንባብ ቤትን እንውሰድ። ሕፃኑ ፊደሉን ከለየ በኋላ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ያልፋል። ተነሣሹን ከወዳቂው፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለየው ሕግ ተነግሮት አይደለም፤ መምህሩን እየተከተለ ደጋግሞ በማሰማት ነው። ዜማ ቤት ደግሞ ትምህርቱን በቃል ያጸናል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተዘጋጀ የሚነገርለት የዜማ ምልክትም ያ በቃል የተያዘው እንዳይዛባ ይጠብቃል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ግስና አገባብ ይማራል፤ ነገር ግን ያን ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ አፉን ዘግቶ አይቀመጥም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የራሱን አሳብ ቆጥሮ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። ከዚያ ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚ በዝኁ፣ እያለ 8 ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይወጣል። ሰዋስውን የሚማረው ስለሚያስፈልገው፣ ትናንት የጐደለውን ዛሬ ለመሙላት ነው። ታላቁ ሊቅ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ያዘጋጁትና በ1948 ዓ.ም. የታተመው «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» የበቀለው እንዲህ ካለው የትምህርት ባህል ነው። እኔ ከዚያ መጽሐፍ ሠንጠረዡን ብቻ ወስጄ፣ ሠንጠረዡን ሕያው የሚያደርገውን ልማድ ትቼው ነበር።

ሁለተኛው ዓመት

በሁለተኛው ዓመት ሰሌዳውን ትቼ ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን በክፍሉ ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ተንሥኡ» አልሁ። ሁሉም ተነሡ። ትርጉሙን ለማንም አልነገርሁም። «ይህን ቃል ማን አስተማራችሁ?» ብዬ ብጠይቅ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማንም አላስተማራቸውም። ዲያቆኑ በተናገረው ቍጥር ሕዝቡ ሲነሣ እያዩ፣ አብረውም እየተነሡ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተምረውታል። ቃሉ ከድርጊቱ ጋር ስለተሰጣቸው ጸንቶ ቀርቷል። በዚያው ቅዳሴ ውስጥ ከድርጊት ጋር ያልተያያዙት በሺህ የሚቈጠሩ ቃላት ግን በጆሮአቸው አልፈው ሄደዋል። ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ ያቀረበውን ዘዴ ዲያቆኑ በየእሑዱ ሲሠራበት ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ «ንበሩ» አልሁና ራሴ ተቀመጥሁ፤ እነርሱም ተቀመጡ። ወደ አንዲት እኅት አመልክቼ «ተንሥኢ» ስል ጥቂት አመንትታ ተነሣች። ወደ አንድ ወጣት ዞሬ «ተንሥእ»፣ በአንድ ወገን ወደ ተቀመጡት ሴቶች ዞሬ «ተንሥኣ» አልሁ። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አራቱን ቅርጾች በጆሮአቸው ለዩ። «የተለወጠው ምንድን ነው?» ስላቸው የመጨረሻው ፊደል መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ። ባለፈው ዓመት አራት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር እነርሱ በአንድ ቀን አገኙት። ሠንጠረዡንም አልጣልሁትም፤ በወሩ መጨረሻ፣ ያወቁትን የሚሰበስቡበት ማጠቃለያ ሆኖ መጣ። ያን ጊዜ የተወደደ እንግዳ እንጂ ያልታወቀ ባለዕዳ አልሆነም።

በዚህ ዓይነት ጸልዩ፣ ስግዱ፣ ነጽሩ፣ አውሥኡ፣ እትዉ የሚሉትን የዲያቆን ትእዛዛት ከነድርጊታቸው ተለማመድን። ቀጥሎም የሠራሁባቸውን አራት ነገሮች እንደሚከተለው እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ። የአማርኛ ተናጋሪ ለግዕዝ ባዳ አይደለም። «ጸልዩ» የሚለውን ሲሰማ ጸሎት፣ «ስግዱ» ሲሰማ ስግደት በአፉ አለ። «ንበሩ» ማለት ተቀመጡ ማለት መሆኑን ለማስረዳት መንበርንና ወንበርን ማስታወስ ይበቃል፤ ይህም አማርኛው «ነበረ» ወደ ሌላ ትርጉም መሄዱን እግረ መንገዱን ያሳያል። «ተንሥኡ» የሚለውን ስንፈታ አንዲት ወጣት ድንገት «ትንሣኤም ከዚህ ነው?» ብላ ጠየቀች። አዎን፣ ከዚህ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዲያቆኑ ያን ቃል ሲል እርሷ የምትሰማው ከመቀመጫ የመነሣትን ትእዛዝ ብቻ አይደለም። ይህን እኔ አላስተማርኋትም፤ በሩን ብቻ ከፈትሁላት።

ሁለተኛ፤ መመላለስ። ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ሰው የተማረውን አብዛኛውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው እየተመለሰ ቢያየው ግን እንደሚጸናለት አሳይቷል። ቤተ ክርስቲያን የመመላለሻውን ሥርዓት ቀድሞውኑ ሠርታዋለች። ውዳሴ ማርያም ለ7ቱ ዕለታት ተከፍሏል። የወር በዓላት በየ30 ቀኑ፣ የዓመት በዓላት በየዓመቱ ይመለሳሉ። ስለሆነም ቃላቱን የመረጥሁት ከሠንጠረዥ ቅደም ተከተል ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያው ነበር፤ በሚቀጥለው እሑድ የሚሰሙትን ዛሬ አስተማርሁ። ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ቅዳሴ ሲገባ ቃሉን ያገኘዋል። በሚቀጥለው ሳምንት የምጠይቀውም አንድ ነው፤ «የትኛውን ሰማችሁ?»

ሦስተኛ፤ ማናገር። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪ በየሳምንቱ ከራሱ ኑሮ አንዲት አረፍተ ነገር በግዕዝ ሠርቶ እንዲመጣ ጠየቅሁ። ቅኔ አልጠየቅሁም፤ የጉባኤ ቃናን ልማድ ግን ተዋስሁ። እነዚያ መካኒክ በዚያ ዓመት ልጃቸውን ይዘው ተመልሰው መጥተው ነበር። የመጀመሪያ አረፍተ ነገራቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። «አባየ ቆመ ዝየ» ይላል። «አባየ» የሚለው «አቡየ» መሆን እንዳለበት ነገርኋቸው፤ አርመው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «አቡየ ቆመ ዝየ»፤ አባቴ እዚህ ቆመ ማለት ነው። በኋላ እንደ ነገሩኝ፣ በቅዳሴ ጊዜ የሚቆሙት ሟቹ አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ይቆሙበት ከነበረው ምሰሶ አጠገብ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ናት። ዳሩ ግን አባታቸው ሲጸልዩበት በኖሩበት ቋንቋ እርሳቸው ስለ አባታቸው የተናገሩባት የመጀመሪያዋ አረፍተ ነገር ናት። ከ40ዎቹ ሣጥኖች አንዱም ይህን ሊሰጣቸው አልቻለም ነበር።

አራተኛ፤ መመዘን። ቀድሞ የምመዝነው ስንት ገጽ እንደ ሄድን ነበር። አሁን ግን ተማሪው በ3 ወር ውስጥ ሊያደርግ የሚገባውን አስቀድሜ ጻፍሁ፤ የዲያቆኑን ትእዛዛት ሰምቶ ይለያል፤ ከአንድ የቅዳሴ ክፍል በክፍል የተማራቸውን ቃላት ለይቶ ያወጣል፤ የአንዱን ቃል ዘር ከአማርኛ ጋር ያዛምዳል፤ አምስት የራሱን አረፍተ ነገሮች ያለ ወረቀት ይናገራል። በዚያ ዓመት በ22 ተማሪዎች ጀምረን በ17 ጨረስን። የአንድ ክፍል ታሪክ ማስረጃ እንደማይሆን እኔም አውቃለሁ፤ ነገር ግን የቀሩት ለምን እንደቀሩ፣ የቆዩትም ለምን እንደቆዩ ለመናገር የቻልሁት በዚያ ዓመት ነው።

ስለ ቃል ትምህርት

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እንዳይፈጠር እፈራለሁ። ከተናገርሁት ተነሥቶ፣ ሳይረዱ በቃል መያዝ ዋጋ የለውም የሚል ቢኖር አሳቤ አይደለም። በወጣትነቴ ግን እንዲያ አስብ ነበር።

አያቴ ውዳሴ ማርያምን ሙሉውን በቃላቸው ያውቃሉ። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ የተማሩት ከእናታቸው አፍ ነው። ግዕዝ በጀመርሁበት ሰሞን በዕውቀቴ ኰርቼ፣ «እማማ፣ ‹ሰአሊ› ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ፤ የምትሰማው እመቤቴ ታውቀዋለች» አሉኝ። ያን ጊዜ መልሳቸውን የድንቍርና መልስ አድርጌ ቈጠርሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ማስተማር ከጀመርሁ ወዲህ፣ አንድ ማታ ያንኑ ቃል አንሥቼ «ሰአለ» ማለት ለመነ ማለት መሆኑን፣ «ሰአሊ» ማለትም ለምኚ ማለት መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለካ ስእለት የምንለው ከዚህ ነው!» አሉ። ከዚያ በቃላቸው ካለው ጸሎት ውስጥ ያንኑ ዘር እየፈለጉ አንድ በአንድ ያወጡልኝ ጀመር። እኔ መዝገበ ቃላት ገልጬ የምፈልገውን እርሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው አገኙት። 80 ዓመት ሙሉ የተከማቸው ያልተፈታ ቃል በአንዲት ቁልፍ ተከፈተ። መረዳት የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ ያን ያዘጋጀላቸው የቃል ትምህርታቸው ነው። የእኛ ጥፋት በቃል ማስያዛችን ሳይሆን ቁልፉን ሳንሰጥ መቅረታችን ነው።

ከቋንቋው ባሻገር

የቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ጥቅሙ ለግዕዝ ብቻ አይመስለኝም። በሰንበት ትምህርት ቤት አምስቱን አዕማደ ምሥጢር እናስተምራለን፤ ተማሪው ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቍርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ብሎ ሲቈጥር ዐወቀ እንላለን። ይህ ከእኔ ሠንጠረዥ የተለየ አይደለም። ከዚህ ይልቅ፣ «ታናሽ ወንድምህ ሕፃኑ ለምን በ40 ቀኑ ይጠመቃል ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ?» ብለን እናናግረው። ሲናገር ይሳሳታል፤ ሲሳሳት ይታረማል። መምህሬ እንዳሉት ዝም ያለ ተማሪ ስሕተቱም ዕውቀቱም አይታወቅም። በሃይማኖት ነገር ስሕተት አስፈሪ ነውና ተማሪን ዝም ማሰኘት ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ ግን በመምህሩ ፊት ያልተሳሳተ፣ መምህሩ በሌለበት መሳሳቱ አይቀርም እላለሁ።

በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገር ደግሞ ከዚህ ይጠብቃል። በዋሽንግተንም ሆነ በሌሎች ከተሞች ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ለተወለዱ ብዙ ልጆች አማርኛው ራሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ግዕዙን በአማርኛ የምንተረጕምለት ልጅ አንዱን ያልታወቀ ነገር በሌላ ባልታወቀ ነገር እንደምንፈታለት አናስተውልም። «ተንሥኡ» ሲባል መነሣት ግን ለእርሱም እንደ ማንኛችንም ቀላል ነው። ለእነዚህ ልጆች ከድርጊት የሚጀምር ትምህርት አማራጭ ሳይሆን ብቸኛው በር ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ስለ ዘዴ ወሰን አንድ ቃል ልበል። ዘዴ መምህርን አይተካም። ለ1 ሰዓት ትምህርት የማዘጋጀው ሁሉ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ዕድሜአቸውን የጨረሱ ሊቃውንት ባያርሙት ኖሮ ብዙ ስሕተት ይገኝበት ነበር። አሁንም ሳልጠይቃቸው አዲስ ነገር አላስተምርም። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር ከአብነት መምህሩ ዘንድ፣ የአብነት መምህሩም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚመላለሱበት መንገድ እንዲበጅ አሳስባለሁ። መንገድ መሥራት ደግሞ ለብዙዎቻችን እንግዳ ሥራ አይደለም።

ከእናንተ መካከል በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ የምትቆሙ ካላችሁ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል ከመነሣታችሁ በፊት ለአንዲት ቅጽበት ቃሉን አድምጡት፤ ከጐናችሁ ለቆመው ልጅም ከቤት ስትመለሱ ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሚያደርስ ንገሩት። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይበቃል።